የትኛው ዱላ አረጀ?

እሁድ ግንቦት 10 ቀን 2017 ዓ.ም. ከሰዓት በኋላ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ። የጋሼ ጋራዥ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። መኪናቸው ደጅ ቆማለች፤ ቦታዋን የወሰደው ሞርሳ የተገጠመበት ረጅም ጠረጴዛ ነው። ሞርሳው፣ እንዳይጎዳ በጎማ ቁራጭ የተሸፈነ የጎልፍ ዱላ ነክሷል። ጋሼ ስለቱ እንደ መንጠቆ የታጠፈ ቢላዋ አነሱና የዱላውን የጎማ እጀታ ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። ጎማው ደርቆ ነበርና እንደ ከረመ የብርቱካን ልጣጭ ተላጦ ጠረጴዛው ላይ ወደቀ።

"ንካው እስቲ" አሉኝ።

ነካሁት፤ ጣቴ ስር ይንሸራተታል። አዲሱን አቀበሉኝ፤ እሱ መዳፍ ላይ ያዝ ያደርጋል።

"አየህ፣ ኳሷ ወደ ዛፉ ስትሄድበት ሰው ዱላዬ አርጅቷል ብሎ ሱቅ ይሮጣል። ዱላው ምን አደረገ? እጁ ውስጥ የሚዞርበት እጀታው ነው።"

ጥግ ላይ ያለችው ትንሽ ቴሌቪዥን ከሻርሎት፣ ኖርዝ ካሮላይና የሚተላለፈውን የፒጂኤ ሻምፒዮንሺፕ የመጨረሻ ቀን እያሳየች ነው። ስኮቲ ሼፍለር ይመራል። ጋሼ አልፎ አልፎ ቀና ብለው ያዩና ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ። የተላጠውን ዘንግ በጨርቅ ጠረጉ፤ በሁለት ፊቱ የሚያጣብቅ ፕላስተር ጠቀለሉበት፤ አዲሱ እጀታ ውስጥ የቀለም ማቅጠኛ የመሰለ ሽታው አፍንጫ የሚሰነፍጥ ፈሳሽ ጨመሩ፤ የጫፉን ቀዳዳ በጣታቸው ደፍነው ነቀነቁት፤ የተረፈውን ፕላስተሩ ላይ አፈሰሱና እጀታውን በአንድ ትንፋሽ ገፍተው አስገቡት። ፈሳሹ ከመድረቁ በፊት አቅጣጫውን ለማስተካከል ያላቸው ጊዜ የአንድ ደቂቃ ያህል ነው። አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው በዘንጉ አሻግረው አዩ፤ ትንሽ አዞሩት፤ ግድግዳው ላይ አስደገፉት።

እሳቸው ጋ የሄድኩት አንድ ጥያቄ ይዤ ነው። ጎልፍ ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴ ነው፤ በሰው ዱላ ስጫወት ቆይቼ በዚያ ሰሞን 600 ዶላር የሚጠጋ አዲስ ድራይቨር፣ የሩቅ ምት ዱላ፣ ልገዛ ጫፍ ደርሼ ነበር። ዱላ በስንት ዓመቱ ይቀየራል? ብዬ ጠየቅኳቸው። ጋሼ ቢላዋውን አስቀመጡና መልሰው ጠየቁኝ፤

"የትኛው?"

ይህችን አንዲት ቃል ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ አሰብኩባት። ያነበብኩትም፣ ሜዳ ላይ ያየሁትም ሁሉ የሚያረጋግጥልኝ እሷኑ ነው።

በጎልፍ ሕግ አንድ ተጫዋች ከ14 በላይ ዱላ ይዞ መውጣት አይችልም። የአሜሪካው የጎልፍ ማኅበር ይህን ገደብ ያጸናው እ.ኤ.አ. በ1938 ሲሆን (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታት ሁሉ የአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የስኮትላንዱ አቻው አር ኤንድ ኤ በዓመቱ ተከተለው። ለገና ጨዋታ አንድ ዱላ ይበቃል፤ ሩሯን ለመምታትም፣ ለመንጠቅም፣ ለማቀበልም ያው ቆልማማ ዱላ ነው። ጎልፍ ግን ለየርቀቱና ለየከፍታው የተለየ ዱላ ይፈልጋል። ረጅሙና ትልቅ ጭንቅላት ያለው ድራይቨር የመጀመሪያውን ሩቅ ምት ይመታል። ቁጥር የተሰጣቸው አይረኖች መሀሉን ይሸፍናሉ። ፊታቸው ወደ ላይ የተንጋለለው ዌጆች ኳሷን ከፍ አድርገው ጉድጓዱ አጠገብ ያሳርፏታል። ፓተር የቀረውን ሣሩ ላይ አንከባሎ ያስገባል። 14ቱ አንድ ቦርሳ ውስጥ ይደሩ እንጂ አንድ ዓይነት ኑሮ አይኖሩም። አንዱ በአንድ ዙር 14 ጊዜ ያህል ተመትቶ ያርፋል፤ ሌላው አሸዋ ሲልስ ይውላል፤ ሦስተኛው ኳሷን ከመዳሰስ ያለፈ ነገር አያውቅም። ሁሉም በአንድ ቀን ስለተገዙ በአንድ ቀን ያረጃሉ ማለት አይቻልም።

ዱላ መቀየር ራሱ ግን እንደ ጨዋታው የቆየ ነው። በጽሑፍ ተመዝግቦ የምናገኘው የመጀመሪያው የጎልፍ ዱላ ግዢ የንጉሥ ነው። የስኮትላንዱ ጄምስ አራተኛ በ1502 ከፐርዝ ከተማ ቀስት ሠሪ ዘንድ ዱላ አስገዝቶ ገንዘቡ በግምጃ ቤቱ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። አያቱ ዳግማዊ ጄምስ በ1457 ሕዝቡ ቀስት መለማመዱን ትቶ በጎልፍ እንዳይዘናጋ ጨዋታውን ከልክሎ ነበር፤ ጄምስ አራተኛ ራሱም ክልከላውን አድሶታል። በ1504 መጀመሪያ ላይ ደግሞ መዝገቡ ለዚሁ ንጉሥ ዱላና ኳስ መገዛቱን እንደገና ይናገራል። ሁለት ዓመት እንኳ አልሞላም። የመጀመሪያዎቹ ተሰብረው ይሁን ሌላ አምሮት፣ የሒሳብ መዝገብ ምክንያት አይጽፍም።

ከዚያ በኋላ ባሉት አራት መቶ ዓመታት ሰው ሁሉ ዱላውን በአንድ ጊዜ የጣለባቸውን ወቅቶች ብናይ፣ ከኋላቸው የምናገኘው አንድም የኳስ መለወጥ ነው፣ አንድም የሕግ። የጥንቱ ኳስ ላባ የታጨቀበት ቆዳ ነበር፤ በቀጭን ረጅም የእንጨት ጭንቅላት ለስለስ ተደርጎ ይመታል። በ1848 አካባቢ ጉታ ፐርቻ ከሚባል የዛፍ ሙጫ የተሠራ ርካሽና ደረቅ ኳስ መጣ። ያ ደረቅ ኳስ ቀጫጭኖቹን ጭንቅላቶች ይሰነጥቃቸው ጀመር፤ ዱላ ሠሪዎችም ጭንቅላቱን አሳጥረው አወፈሩት። በክፍለ ዘመኑ ማብቂያ ላይ ኮበርን ሃስኬል የተባለ አሜሪካዊ በላስቲክ ክር የተጠቀለለ ነጣሪ ኳስ አወጣ። በ1902 ሳንዲ ኸርድ የብሪታንያን ኦፕን በዚያ ኳስ ሲያሸንፍ ጉታ ፐርቻ አበቃለት፤ ዱላውም ዳግመኛ ተቀየረ።

ዘንጉም የራሱ ታሪክ አለው። ሂክሪ ከሚባል ጠንካራ እንጨት ይሠራ ነበር። እንጨቱ ሲሰበር ጭንቅላቱን ያዥ አዲስ ዘንግ አስገጥሞ ይቀጥላል፤ ሞፈር ሲሰበር ማረሻው እንደማይጣል ማለት ነው። አር ኤንድ ኤ የብረት ዘንግን የፈቀደው በ1929 ነበር። በዓመቱ፣ በ1930፣ ቦቢ ጆንስ አራቱን ታላላቅ ውድድሮች በአንድ ዓመት ጠራርጎ ሲወስድ በእጁ የነበረው አሁንም ሂክሪ ነበር። በ1931 ግን ቢሊ በርክ በብረት ዘንግ የአሜሪካን ኦፕን አሸነፈ፤ ከዚያ ወዲያ እንጨቱ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከሜዳ ጠፋ። ጭንቅላቱ ብረት እስኪሆን ደግሞ ሌላ ግማሽ ክፍለ ዘመን ፈጀ። ጋሪ አዳምስ ቴይለርሜድን በ1979 መሥርቶ ከብረት የተሠራ ድራይቨር ለገበያ አቀረበ፤ በ1991 የካላዌይ ቢግ በርታ ተከተለ። ቢግ በርታ ያን ጊዜ ግዙፍ የተባለው 190 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ሆኖ ነው። ዛሬ ሕጉ እስከ 460 ይፈቅዳል፤ ብዙዎቹም እዚያው ጣሪያ ላይ ናቸው።

ጣሪያ ያልኩበት ምክንያት አለኝ። ስለ ድራይቨር ይህን ያላወቀ ሰው 600 ዶላሩን በከንቱ ሊያወጣ ይችላል፤ እኔም ላወጣ ነበር።

የድራይቨር ፊት ስስ ነው፤ ኳሷ ስታርፍበት ጎበጥ ብሎ ተመልሶ ይገፋታል። ይህ የመንጠር ኃይል ድንበር አለው። መርማሪዎች ትንሽ የብረት ኳስ በፔንዱለም ፊቱ ላይ ይጥሉና ሁለቱ ተነካክተው የሚቆዩበትን ጊዜ በማይክሮ ሰከንድ ይለካሉ። የተፈቀደው 239 ሲሆን ለመለኪያ ልዩነት 18 ይጨመርለታል፤ ከ257 ያለፈ ዱላ ከውድድር ይወጣል። ትልልቆቹ ሠሪዎች እዚህ ድንበር ጫፍ ከደረሱ ብዙ ዓመታት ሆኗቸዋል። ፊቱ መሀል ላይ የተመታች ኳስ ከአሥር ዓመት በፊቱ ጥሩ ድራይቨርም ከዘንድሮውም የምታገኘው ግፊት ይህን ያህል አይለያይም። በእነዚህ ዓመታት በእርግጥ የተሻሻለው ሌላ ነገር ነው፤ ምቱ መሀሉን ሲስት ጭንቅላቱ በእጅ ውስጥ እንዳይጠመዘዝ ክብደቱን ወደ ዳርና ወደ ኋላ መበተን። ለጀማሪ ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ሆኖም እሱም በሕግ ተገድቧል፤ ደግሞም ከዓመት ዓመት የሚታይ ለውጥ አይደለም።

ገበያው ግን በየዓመቱ ይመጣል። ቴይለርሜድ በ2020 ሲም፣ በ2021 ሲም 2፣ በ2022 ፊቱ ቀይ ካርቦን የሆነውን ስቴልዝ፣ በ2023 ስቴልዝ 2፣ በ2024 ኪውአይ 10፣ በ2025 ኪውአይ 35 አወጣ። ፒንግና ታይትሊስት በሁለት በሁለት ዓመት ነው የሚያወጡት። ማስታወቂያው ሁሉ በተለያየ ቃል አንድ ነገር ይናገራል፤ ኳስህ ከአምናው ይርቃል ይላል። አር ኤንድ ኤ የብሪታንያ አማተር ወንዶችን ምት ለዓመታት ሲለካ ቆይቷል። አማካዩ በ1996 ወደ 200 ያርድ ነበር፤ በ2019 ደግሞ 216። በ23 ዓመት ውስጥ የተጨመረው 16 ያርድ፣ ማለትም 15 ሜትር ገደማ ነው፤ በዓመት አንድ ሜትር አይሞላም። ያውም የኳሱ መሻሻል ተደምሮበት። ይህን ካነበብኩ በኋላ የሱቁን ካርቶን በሌላ ዓይን ማየት ጀመርኩ።

ታዲያ ድራይቨር አያረጅም? ያረጃል፤ የሚያረጅበት መንገድ ግን ሌላ ዕቃ ላይ ያላየሁት ነው። የዚያን ሳምንት የሻርሎቱ ውድድር ላይ የሆነውን እንየው።

ከአንድ ወር በፊት ማስተርስን ያሸነፈው ሮሪ ማክልሮይ ወደ ኩዌል ሆሎው ሜዳ መጣ። ከውድድሩ በፊት በነበረው ምርመራ ድራይቨሩ ድንበሩን አልፎ ተገኘና ሌላ ይዞ ለመግባት ተገደደ። ወሬው ዓርብ ወጣ፤ ማክልሮይም በአራቱም የውድድር ቀናት ከጨዋታ በኋላ ለጋዜጠኞች አልተናገረም። ስንት ሰው አጭበረበረ ብሎ አስቦ ይሆን! እውነቱ ሌላ ነው። ዱላው ከፋብሪካ ሲወጣ ሕጋዊ ነበር። የድራይቨር ፊት በሺህ የሚቆጠር ምት ሲያርፍበት ቀስ በቀስ ይላላል፤ ሲላላ ይበልጥ ይነጥራል፤ ይበልጥ ሲነጥር ከድንበሩ ያልፋል፤ ከዚያ ይሰነጠቃል። ሊሞት ሲቃረብ ነው በጣም የሚፈጥነው።

እኔና ጋሼ ቴሌቪዥኑን እያየን ሳለ ያላወቅነው ነገር ደግሞ ነበር። ሼፍለር በአምስት ምት ልዩነት ዋንጫውን ካነሳ በኋላ የእሱም ድራይቨር በዚያው ሳምንት ምርመራውን እንደወደቀ ተናገረ። ከአንድ ዓመት በላይ ተጠቅሞበት ስለነበር ጊዜው እንደደረሰ ይጠረጥር ነበር፤ ያን ያህል መቆየቱንም እንደ ዕድል ቆጥሮታል። በሌላ ጭንቅላት ተጫወተና አሸነፈ። በ2019 በሮያል ፖርትረሽ በተደረገው የብሪታንያ ኦፕን የተጫዋቹ የዛንደር ሻውፍሌ ዱላም እንዲሁ ወድቆ ነበር።

እንግዲህ የዓለም አንደኛው ተጫዋች ድራይቨር ዓመት ከምናምን ቆየ። እሱ ዱላውን በሰዓት ከ180 ኪሎ ሜትር በሚያልፍ ፍጥነት ያወናጭፋል፤ በቀን በመቶ የሚቆጠር ኳስ ይመታል። የተራው አማተር ወንድ ፍጥነት ወደ 150 ነው፤ በዓመት 30 ዙር ቢጫወት በድራይቨሩ የሚመታው ከ400 ብዙ አያልፍም። የአማተሩ ዱላ እስኪላላ ድረስ ልጁ አድጎ ሊወርሰው ይችላል። ቦርሳው ውስጥ ከዘላቂዎቹ አንዱ የሆነውን ዱላ ነው ገበያው በየዓመቱ ጣለው የሚለን፤ ይህ ያሳዝነኛል።

በሳምንቱ ጋሼ ሄይንስ ፖይንት ወሰዱኝ። በፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው ቀጭን ምድር ላይ ያለ የሕዝብ ሜዳ ነው፤ የዋሽንግተን ሐውልት ከዛፎቹ በላይ ይታያል፤ ወደ ሬገን ማረፊያ የሚወርዱ አውሮፕላኖች በወንዙ ላይ ዝቅ ብለው ያልፋሉ። ጋሼ በዋሽንግተን 26 ዓመት ታክሲ ነድተዋል፤ ጎልፍን ያወቁት እዚህ በሚያወርዷቸው ደንበኞች ቦርሳ ነው። ከባዱን ቦርሳ ከመኪናው ሲያወጡ ይህ ሁሉ ለአንዲት ነጭ ኳስ ነው? እያሉ ይገረሙ እንደነበር ነገሩኝ። ጡረታ ሲወጡ አንድ የቆየ ደንበኛቸው አዲስ አይረኖች ስለገዛ አሮጌዎቹን በትንሽ ዋጋ ሸጠላቸው። እስካሁን የሚመቱት በእነዚያ ነው።

መለማመጃው ላይ ሁለት ዌጅ አወጡ። ሁለቱም 56 ዲግሪ የተንጋለሉ፣ የአንድ ፋብሪካ፣ የአንድ ቅርጽ ናቸው። አንዱ አዲስ ነው፤ አንዱ ብዙ ያገለገለ። የአሮጌውን ፊት በጥፍሬ እንድጭር አደረጉኝ። በፊቱ ላይ አግድም የተሰመሩ ቦዮች አሉ፤ ጠርዛቸው ግን እንደ ተላሰ ከረሜላ ዶልዱሟል። የአዲሱ ጥፍር ይይዛል።

"ጎማ በለው" አሉኝ ጋሼ። "ጥርሱ ያለቀ ጎማ በደረቅ አስፋልት ምንም አይልህም፤ ይሄዳል። ዝናብ ሲመጣ ነው የምታውቀው።"

ምሳሌያቸው ልክ ነው። የቦዩ ሥራ በፊቱና በኳሷ መካከል የሚገባውን ሣርና ውሃ ወደ ውስጥ መሳብ ነው። ያኔ ፊቱ ኳሷን ይነክሳትና ወደ ኋላ እንድትሽከረከር ያደርጋታል፤ እሽክርክሪቱ ነው መሬት ስትነካ የሚያቆማት። ጠርዙ ሲያልቅ ኳሷ ፊቱ ላይ ተንሸራታ ትነሳለች፤ ስታርፍም አትቆምም። ዌጅን የሚያስረጀው ደግሞ አሸዋ ነው፤ እያንዳንዱ የአሸዋ ምት ፊቱን በብርጭቆ ወረቀት እንደ መፈግፈግ ይቆጠራል። ሠሪዎቹ ራሳቸው ከ75 ዙር ገደማ በኋላ እሽክርክሪቱ መቀነሱ እንደሚታይ ይናገራሉ፤ ባለሙያዎቹ ተጫዋቾችም በጣም የተንጋለለውን ዌጃቸውን በአንድ የውድድር ዓመት ውስጥ ደጋግመው ይቀይራሉ። ብዙ ጊዜ የማያቸው ቅዳሜና እሁድ ተጫዋቾች ግን ድራይቨራቸው የዘንድሮ፣ ዌጃቸው የዛሬ ስምንት ዓመት ነው። ከጉድጓዱ 40 ሜትር ላይ ቆመው ኳሷ አልቆም ስትላቸው እጃቸውን ይወቅሳሉ።

አንድ ጊዜ የዌጅ ዕድሜ ራሱ የሕግ ክርክር ሆኖ ነበር። የጎልፍ ሕግ አውጪዎች በ2008 የቦዮቹን ስፋትና የጠርዛቸውን ስለት የሚገድብ ደንብ አወጁ፤ ከጥር 2010 ጀምሮ በባለሙያዎች ላይ ሥራ ላይ ዋለ። ብዙዎቹ ዌጃቸውን ሲቀይሩ ፊል ሚክልሰን በዚያው ወር ቶሪ ፓይንስ ሜዳ ላይ ከ1990 በፊት የተሠራ ፒንግ አይ 2 ይዞ ብቅ አለ። ያ ዱላ ቦዩ ከአዲሱ ደንብ ውጭ ነው፤ ነገር ግን ፒንግና የአሜሪካው ማኅበር በ1990 ክርክራቸውን በስምምነት ሲጨርሱ ከሚያዝያ 1 ቀን 1990 በፊት የተሠሩት ለዘለቄታው ሕጋዊ ሆነው ቀርተዋል። አንድ ሌላ ተጫዋች ማጭበርበር ነው ብሎ በአደባባይ ተናገረ፤ ኋላ ይቅርታ ጠየቀ። ፒንግም በመጨረሻ ለባለሙያ ውድድሮች መብቱን ተወና ነገሩ በረደ። ለእነዚያ ጥቂት ሳምንታት ግን ሃያ ዓመት ያለፈው ዌጅ ከአዲሱ ይበልጥ ተፈላጊ ነበር።

አይረኖች ላይ ብዙ መቆየት አያስፈልግም፤ አንድ ነገር ብቻ መታወቅ አለበት። በ1980ዎቹ 7 ቁጥር አይረን ፊቱ ወደ 35 ዲግሪ የተንጋለለ ነበር። ዛሬ ለአማተር የሚሸጠው 7 ቁጥር ብዙ ጊዜ 30 ወይም 28 ነው፤ የያኔው 5 ቁጥር ማለት ነው። ስለዚህ ሱቅ ውስጥ በአዲሱ 7 ቁጥር መትቶ 15 ሜትር ተጨመረልኝ ብሎ የሚደሰት ሰው፣ ከደስታው የተወሰነው ታችኛው ጠርዝ ላይ የተቀረጸው ቁጥር ነው። ዲግሪው ሲቀንስ ከታች በኩል ክፍተት ይፈጠራል፤ ክፍተቱን ለመሙላት ተጨማሪ ዌጅ መግዛት ይመጣል። በተረፈ የአይረን ብረት ለአማተር አሥርና አሥራ አምስት ዓመት ያገለግላል። በሰው ሠራሽ ምንጣፍ ላይ አብዝቶ መምታት የተንጋለለበትን ማዕዘን ሊያዛባው ስለሚችል በዓመት አንዴ ማስለካት ይበቃዋል።

ዱላውን ሳይሆን ሰውየውን ተከትሎ የሚመጣ ለውጥ አለ፤ ይህን ከልቤ እቀበላለሁ። ልጅ ጫማው እንደሚጠበው ዱላውም ያጥረዋል። ሰው ሲገፋ ወገቡ ይደርቃል፣ የምቱ ፍጥነት ይቀንሳል፤ በ40 ዓመቱ የተስማማው ከባድ ዘንግ በ65 ኳሷን አያነሳለትም። ጋሼም ከሦስት ዓመት በፊት የድራይቨራቸውን ጭንቅላት ሳይጥሉ ዘንጉን ብቻ በቀላል ቀየሩት። ቁመትን፣ ፍጥነትንና የእጅን መጠን ለክቶ የሚያስተካክል ባለሙያ ዘንድ የሚወጣ ገንዘብ፣ ለአዲስ ስም ከሚወጣው ይበልጥ ለሰው ይሠራለታል ብዬ አምናለሁ።

ፓተር ደግሞ የራሱ ዓለም ነው። ጃክ ኒክላውስ በ1986 በ46 ዓመቱ ማስተርስን ያሸነፈው በዚያ ዘመን እንግዳ በሆነ ትልቅ ፓተር ነበር። ያው ሰው ግን 3 ቁጥር የእንጨት ዱላውን ከ1950ዎቹ መጨረሻ እስከ 1990ዎቹ አጋማሽ ድረስ ይዞት ኖረ። አንዱን ለመለወጥ አላመነታም፤ ሌላውን ለአርባ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ አልነካውም። ታይገር ውድስ በ1999 ያነሳውን የስኮቲ ካሜሮን ፓተር ይዞ ከ15ቱ ታላላቅ ድሎቹ 14ቱን አግኝቷል። ፓተር የሚመታው በዝግታ ስለሆነ ብረቱ አያልቅም። አለቀ የምንለው አንድ ታዋቂ አለ፤ እሱም የቦቢ ጆንስ ካላሚቲ ጄን ነው። ዝገቱን ለማስለቀቅ በየጊዜው ሲፈገፈግ ፊቱ ጎድሎ በ1926 ገደማ በአምሳያው ተተካ። ኳስ ያልጨረሰውን ብረት የባለቤቱ እጅ ጨረሰው።

ከሜዳው ስንመለስ መኪና ውስጥ ጋሼ የሚበልጠውን ምክር ነገሩኝ።

"ልጄ፣ ድራይቨር ያገለገለ ግዛ። ዌጅ ግን አዲስ። ያገለገለ ዌጅ መግዛት ያለቀ ጎማ መግዛት ነው።"

600 ዶላር የተባለ ድራይቨር ሁለትና ሦስት አዲስ ሞዴል ከመጣበት በኋላ ዋጋው ወደ ግማሽ ይወርዳል፤ ብዙ ጊዜም ከግማሽ በታች። ፊቱ ግን በጥቂት መቶ ኳስ አልላላም፤ አልተሰነጠቀም። በየዓመቱ የሚቀይሩት ሰዎች ጥለውት የሚሄዱት ዱላ እንደ ጋሼ ላለ ሰው በር ከፍቷል። ይህን ስመለከት በየዓመቱ የሚገዛውን ሰው መውቀስ ያቅተኛል። በእኛ ሰፈር ጎልፍ ለመጀመር ሦስት ሺህ ዶላር ያስፈልጋል ተብለው የተዉትን ወጣቶች ግን አስባቸዋለሁ። ባገለገሉ ዱላዎች፣ በአንድ አዲስ ዌጅና በአዲስ እጀታ መጀመር እንደሚቻል የነገራቸው አልነበረም።

እጀታውን መጨረሻ ላይ ያመጣሁት ትንሽ ስለሆነ አይደለም። ሰውነታችን ዱላውን የሚነካበት ብቸኛ ቦታ እሱ ነው፤ ላብ፣ ፀሐይና የእጅ ቅባት ያደርቁታል። ሠሪዎች በዓመት አንዴ ወይም በየ40 ዙሩ ቀይሩት ይላሉ። አንዱ እጀታ እንደ ዓይነቱ ከአሥር ዶላር አካባቢ ይጀምራል፤ የመላው ቦርሳ ከአንድ አዲስ ድራይቨር ግማሽ እንኳ አይደርስም። ሲንሸራተት ተጫዋቹ ሳያውቀው አጥብቆ ይጨብጣል፤ ሲጨብጥ ክንዱ ይገተራል፤ ክንዱ ሲገተር ምቱ ይበላሻል። ጋሼ በቢላዋ የሰነጠቁት ያ ደረቅ ጎማ ይህን ሁሉ ሲያደርጋቸው ነበር የቆየው።

ወደዚያ እሁድ ልመልሳችሁ። 13ኛው እጀታ ሲገባ መሽቶ ነበር። ቴሌቪዥኗ ተዘግታለች። ጋሼ እጃቸውን ታጥበው ከመደርደሪያው ላይ ጠርዙ የተበላ ደብተር አወረዱ። የመጀመሪያዎቹ ገጾች ታክሲ በነዱበት ዘመን የተጻፉ ናቸው፤ ዘይት የተቀየረበት ቀን፣ የፊት ግራ ጎማ፣ ፍሬን፣ ከጎኑ የተነዳው ማይል። ከመሀል ጀምሮ በዚያው እጅ ጽሑፍ፣ በዚያው ዓምድ፣ ዱላዎቹ ይከተላሉ። ድራይቨር፣ ዘንግ ተቀየረ። አይረን፣ ማዕዘን ተለካ። 56 ዌጅ፣ ከጎኑ በአምስት በአምስት የታሰሩ ጭረቶች፤ ስቆጥራቸው 81 ዙር ሆኑ።

እስክሪብቶ አነሱና "ግንቦት 10፣ እጀታ 13። ፓተር ገና ነው" ብለው ጻፉ። ከ81ዱ ጭረት ስር አሰመሩበት። አዲሱ ዌጅ ገና ከነወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ ነው፤ ለእሱ ቀጣዩን መስመር ከፍተው ስሙን ጻፉና የጭረቱን ቦታ ባዶ ተዉት።

አንዱን ዱላ ከግድግዳው አንስቼ ልጨብጠው ስል እጄን ያዙኝ።

"አልደረቀም። እስከ ነገ ጠዋት አይነካም።"